የተጣመመ ስኬል የምታጋልጥ የመዳብ ቁራጭ

መንገድ ዳር በየኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ተተክሏል እንበል። አንድ መኪና ፍጥነቱን ሳይቀይር ይሄዳል። እኛ ደግሞ እያንዳንዱን ድንጋይ ያለፈበትን ሰዓት እንመዘግባለን። 100ኛው ድንጋይ ከቦታው 5 ሜትር ወደፊት ተተክሎ ቢሆን ምን እናያለን? ከመነሻው ያለውን ርቀት ብቻ ለሚያይ ሰው ስህተቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከ100 ኪሎ ሜትር 5 ሜትር፣ ማለትም 0.005 በመቶ ነው። በየኪሎ ሜትሩ የፈጀውን ጊዜ ለሚያሰላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ99ኛውና በ100ኛው መሀል ያለው መንገድ በ0.5 በመቶ ረዝሟል። የሚቀጥለው በዚያው ልክ አጥሯል። መኪናው በድንገት የተንቀረፈፈና ወዲያው የፈጠነ ይመስላል። ሹፌሩ ግን እግሩን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ 100ኛ ድንጋይ ነው። ድንጋዮቹ የቴርሞሜትር ዲግሪዎች ናቸው። መኪናው ወደ አንድ ዕቃ የምንሰደው ሙቀት ነው። አንድን ነገር በ1 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት የዚያ ነገር የሙቀት አቅም ይባላል። ዲግሪዎቹ በእኩል ርቀት ካልተተከሉ የሙቀት አቅሙ ያለምክንያት ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ስለዚህ የሙቀት አቅምን በጥንቃቄ የሚለካ ሰው፣ አሰበውም አላሰበውም፣ ዲግሪዎቹንም እየመረመረ ነው።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ቃል እናጥራ። በየዕለቱ ንግግራችን "ሙቀት" የምንለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። እዚህ "ሙቀት" ስል በጁል የሚለካውን ኢነርጂ ማለቴ ነው። ቴርሞሜትር ላይ የሚነበበውን ደግሞ "መጠነ ሙቀት" እለዋለሁ። ሁለቱ ከተምታቱ የሚከተለው ነገር በሙሉ ይምታታል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ስኬሉ ለምን ይጣመማል?

ብዙ ሰው መጠነ ሙቀትን እንደ ርዝመት ያስበዋል። ሜትር ተዘርግቶ የሚለካ ነገር ይመስለዋል። እውነቱ ግን ወዲህ ነው። በፊዚክስ ሕግ የሚገለጸውን እውነተኛ መጠነ ሙቀት በቀጥታ መለካት እጅግ አድካሚ ሥራ ነው። የጋዝ ግፊትን፣ በጋዝ ውስጥ የሚሄድ ድምፅን ፍጥነት፣ ወይም በሽቦ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ጫጫታ መለካት ይጠይቃል። ይህን የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ ዓለም በስምምነት ይሠራል። ስምምነቱ ስኬል ይባላል። ጥቂት የታወቁ ነጥቦች ይመረጡና ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ይሰጣል። ዛሬ የምንሠራበት የ1990ው ዓለም አቀፍ ስኬል ለኒዮን 24.5561 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ የሚቆጠር ዲግሪ)፣ ለአርገን 83.8058፣ ለሜርኩሪ 234.3156፣ ለውኃ 273.16 ሰጥቷል። እነዚህ ጠጣሩ፣ ፈሳሹና ጋዙ በአንድነት የሚኖሩባቸው ነጥቦች ናቸው። በነጥቦቹ መሀል ያለውን የሚሞላው የፕላቲነም ሽቦ ነው። ሽቦው ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የመቃወም አቅሙ ይጨምራል። ያን ጭማሪ ወደ ኬልቪን የሚቀይር ቀመር ደግሞ ተጽፏል።

ከአርገን እስከ ሜርኩሪ ያለውን ክፍተት ልብ በሉ። 150 ኬልቪን ነው! በዚያ ሁሉ መሀል አንድም ድንጋይ አልተተከለም። ያለው ቀመር ብቻ ነው። ቀመሩ ዳርና ዳሩ ላይ ልክ ሆኖ መሀሉ ላይ ሊቆለመም ይችላል። መቆልመሙን እንዴት እናውቃለን? አንዱ መንገድ የተሻለ ቴርሞሜትር አምጥቶ ማስተያየት ነው። ሌላው መንገድ የተሻለ ቴርሞሜትር አይፈልግም። የሚፈልገው ያለምክንያት የማይዘል፣ ባሕርዩ ለስላሳ የሆነ ቁስ ነው።

ውኃ የነገረን

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በ1879 ባልቲሞር በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሮውላንድ የፊዚክስ ሊቁን የጄምስ ጁልን የታወቀ ሙከራ እንደገና ሠራ። ውኃን በሞተር በሚዞር መቅዘፊያ እየበጠበጠ፣ የገባውን ሥራና የጨመረውን መጠነ ሙቀት አስተያየ። ከዚያ በፊት በሰፊው የሚሠራበት የፈረንሳዊው ሊቅ የሬኞ ቀመር የውኃ የሙቀት አቅም ከ0 ዲግሪ ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል ይል ነበር። ሮውላንድ ያገኘው ተቃራኒውን ነው። ከ0 ተነስቶ እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀንሳል።

ሮውላንድ ሌሎች ያላዩትን እንዴት አየ? የሜርኩሪ ቴርሞሜትሮቹን አላመነም። ከአየር ቴርሞሜትር ጋር አንድ በአንድ አስተያያቸው። ነገሩ ለምን እንደከበደ በትንሽ ስሌት ማየት ይቻላል። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር 0 ላይና 100 ላይ ልክ ሆኖ መሀሉ ላይ 0.1 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። መጠኑ እንደ መስታወቱ ዓይነት ይለያያል። 0.1 ዲግሪ ትንሽ ናት። ግን ጉብታው እንደ ቅስት ነው ብንል፣ መነሻው ላይ የዲግሪዎቹ ስፋት በ0.4 በመቶ ይዛባል። ውኃ ራሱ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ የሚያሳየው እውነተኛ ለውጥ ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ነው፤ በግራም ከ4.22 ወደ 4.18 ጁል ይወርዳል። እንግዲህ ስኬሉን ሳያርም የውኃን ባሕርይ አገኘሁ የሚል ሰው ግማሽ ያህሉን ያገኘው ከመስታወቱ ነው ማለት ነው።

ለእኔ የጉዳዩ መጀመሪያ ይህ ነው። ሮውላንድ የሄደው ከቴርሞሜትሩ ወደ ውኃው ነው። ኋላ የመጡት መንገዱን ገለበጡት። ቁሱን አስቀድመው አውቀው ቴርሞሜትሩን ጠየቁት።

ለምን መዳብ?

መንገዱን ለመገልበጥ ባሕርዩ በቲዎሪ የሚታወቅ ቁስ ያስፈልጋል። ፒተር ዴባይ በ1912 እንዳሳየው፣ በጣም በቀዘቀዘ ክሪስታል ውስጥ ከአቶሞች ንዝረት የሚመጣው የሙቀት አቅም ከመጠነ ሙቀቱ ኩብ ጋር ያድጋል። መጠነ ሙቀቱ እጥፍ ሲሆን አቅሙ 8 እጥፍ ይሆናል። በብረታ ብረት ላይ የኤሌክትሮኖቹ ድርሻ ይጨመራል። እሱ ከመጠነ ሙቀቱ ጋር እኩል ነው የሚያድገው። ሁለቱን ደምሩ፤ ከጥቂት ኬልቪን በታች ያለቀለት መዳብ ይኸው ነው። ቀጥሎ ጥቂት የማረሚያ ቁጥሮች ይመጣሉ። እነሱም ለስላሳ ናቸው።

መዳብ ሌላም ጥሩ ነገር አለው። በንጹህነት ይገኛል። ሙቀት በውስጡ ቶሎ ይዳረሳል። ሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያሳልፍ) አይሆንም፣ ማግኔት አይሆንም፣ የክሪስታል ቅርጹን አይቀይርም። በአጭሩ አሰልቺ ነው። እዚህ ሥራ ላይ አሰልቺነት ትልቅ ሙያ ነው። ከ1 እስከ 25 ኬልቪን ላሉ መለኪያዎች በ1960ዎቹ በአሜሪካ የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሰዎች ንጹህ መዳብን ላቦራቶሪዎች እርስ በርስ የሚተያዩበት ናሙና አድርገው አቀረቡ። በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤትም የመዳብን፣ የብርንና የወርቅን የሙቀት አቅም ለዓመታት ደጋግመው ለክተዋል። አንድ የመዳብ ቁራጭ እዚህም እዚያም ሲለካ ተመሳሳይ መልስ መስጠት አለበት። ካልሰጠ ችግሩ ከመዳቡ አይደለም።

በከፍተኛ መጠነ ሙቀት ይህን ቦታ የያዘው ሰው ሠራሽ ሳፋየር ነው። ንጹህ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ክሪስታል ማለት ነው። የአሜሪካ የስታንዳርድ ቢሮ ከ10 እስከ 2250 ኬልቪን ድረስ የተመሰከረለት ናሙና አድርጎ አቅርቦታል። እሱም እንደ መዳብ ድራማ አያውቅም።

መሣሪያው

የሙቀት አቅም የሚለካበት መሣሪያ፣ ካሎሪሜትሩ፣ ሲታይ ቀላል ነው። ናሙናው አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ በቀጫጭን ክር ይንጠለጠላል። ዙሪያውን ጋሻ ይከበዋል። ጋሻው ሁልጊዜ ከናሙናው ጋር እኩል መጠነ ሙቀት ላይ እንዲሆን ይጠበቃል። እኩል ከሆኑ ሙቀቱ የሚሸሽበት ምክንያት የለውም። ከዚያ ትንሽ ማሞቂያ ለተወሰነ ጊዜ ይበራና ይጠፋል። ከማብራቱ በፊትና ከማጥፋቱ በኋላ ቴርሞሜትሩ ይነበባል። የገባውን ኢነርጂ ለጨመረው ዲግሪ ማካፈል ነው፤ አለቀ።

ጥያቄው የቱ ቁጥር ነው የሚታመነው የሚለው ነው። የገባው ኢነርጂ ቮልቴጅ ሲባዛ በከረንት ሲባዛ በጊዜ ነው። ሦስቱንም ከ100 ሺህ 1 ክፍል በተሻለ ጥራት መለካት ዛሬ ብዙም አያስቸግርም። የናሙናው ክብደትም እንደዚያው። ያመለጠው ሙቀት ያስቸግራል፤ ግን የማሞቂያውን ጊዜና የእርምጃውን ስፋት በመቀያየር ይፈተሻል። ባዶው ሳህን ብቻውን ተለክቶ ይቀነሳል። ይህ ሁሉ ሲጣራ ተጠርጣሪ ሆኖ የሚቀረው መጠነ ሙቀቱ ነው። የሙቀት አቅም ልኬት ስኬልን መፈተሽ የቻለው ሌላው ቁጥር በሙሉ በኤሌክትሪክና በሰዓት ስለሚያዝ ነው።

አሁን መጠኑን እንይ። በ1 ኬልቪን እርምጃ 0.1 በመቶ ማለት 1 ሚሊኬልቪን ነው። ስኬሉ በ5 ኬልቪን ውስጥ 3 ሚሊኬልቪን ወጥቶ በሚቀጥለው 5 ኬልቪን ቢወርድ፣ የሙቀት አቅሙ መጀመሪያ በ0.06 በመቶ ወደ አንድ ጎን፣ ቀጥሎ በ0.06 በመቶ ወደ ሌላው ጎን ይስታል። ከጫፍ ጫፍ 0.12 በመቶ ይሆናል። ጥሩ ካሎሪሜትር ይህን ያያል። ያው 3 ሚሊኬልቪን ስህተት ግን በ100 ኬልቪን ላይ በቀስታ ቢዘረጋ 0.003 በመቶ ብቻ ይሆናል። እሱን ማንም አያየውም። ዘዴው ስለታም ቁልምምን እንጂ የተንጣለለ ኮረብታን አይዝም። ብዙ ጽሑፎች ይህን ልዩነት ሳይናገሩ ያልፋሉ። እኔ ግን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው እላለሁ። የምንፈትሸው የዲግሪውን ቁጥር ሳይሆን የዲግሪውን ስፋት ነው።

አራት እጥፍ

ከፍ ባለ መጠነ ሙቀት የመዳብ አቅም ዝርግ ስለሚሆን ጉዳዩ ስፋት ብቻ ነው። በቅዝቃዜው ዓለም ግን ሌላ ነገር ይጨመራል። በ4.2 ኬልቪን የ1 ሞል መዳብ አቅም 6 ሚሊጁል ገደማ ነው። በክፍል መጠነ ሙቀት 24.4 ጁል ነው። ከ3500 ጊዜ በላይ ይለያያሉ። በእንደዚህ ያለ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ የቆመ ሰው ትንሽ ወደ ጎን ቢስት ብዙ ይወርዳል ወይም ብዙ ይወጣል።

ስሌቱ ደስ ይላል። ስኬሉ ሁሉንም መጠነ ሙቀት በ0.1 በመቶ ቢያሳንስ የዲግሪው ስፋት በ0.1 በመቶ ይሳሳታል። ላይ ደግሞ በኩብ ሕጉ የተነሳ ሦስት ጊዜ 0.1 በመቶ ይጨመራል። ድምሩ 0.4 በመቶ ነው። የአቶሞቹ ንዝረት ቁጥር የስኬሉን ስህተት አራት እጥፍ አድርጎ ይናገራል ማለት ነው። የኤሌክትሮኖቹ ቁጥር ሁለት እጥፍ ያደርገዋል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ነገር አይደለም። በ1958 የተስማሙበት የሂሊየም የእንፋሎት ግፊት ስኬል ሂሊየም በ4.215 ኬልቪን ይፈላል ይል ነበር። በኋላ የመጡት የድምፅ፣ የማግኔትና የጋዝ ቴርሞሜትሮች በ7 ሚሊኬልቪን አልተስማሙም። በ1976 የወጣው ጊዜያዊ ስኬል ቁጥሩን 4.2221 አደረገው። የ1990ውም ያንኑ ያዘ። 7 ሚሊኬልቪን ከ4.2 ኬልቪን 0.17 በመቶ ያህል ነው። ስህተቱ እስከ ታች ድረስ በዚህ ምጣኔ ሄዷል ብለን በግምት ብናሰላ፣ በንዝረቱ ቁጥር ላይ 0.7 በመቶ ይደርሳል። ለካሎሪሜትር ሰው 0.7 በመቶ ዝሆን ነው። ከታች በሂሊየሙ ስኬል፣ ከላይ በድምፅ ቴርሞሜትር ያስተካከለ ላቦራቶሪ መጋጠሚያው ላይ ስብራት ይጠብቀዋል። መዳቡ እዚያ ቦታ ላይ የሚሰበርበት አንዳች ምክንያት የለውም።

ከዚህ ጋር የሚመጣ አንድ ድክመት አለ። ስኬሉ ሁሉንም በእኩል ምጣኔ ቢዘረጋ ወይም ቢያሳጥር የመዳብ ሕግ ቅርጹን አይለቅም። ኩቡ ኩብ ይሆናል፣ ቀጥታው ቀጥታ ይሆናል። የሚቀየሩት የፊት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው። የሚታይ ጉብታ አይኖርም። ሁሉም ድንጋዮች 1 ኪሎ ሜትር ሳይሆን 1002 ሜትር ተራርቀው ቢተከሉ መኪናው በእኩል ፍጥነት እንደሄደ ይቆጠራል።

ለዚህ ሁለት መውጫ አለ። አንዱ የንዝረቱን ቁጥር ከሌላ በር ማግኘት ነው። ድምፅ በመዳብ ክሪስታል ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት የለካ ሰው ያንኑ ቁጥር ያለ ካሎሪሜትር ሊያሰላው ይችላል። ሁለቱ መስማማት አለባቸው። ግን የዚህኛው ጥራት ራሱ ውሱን ነው። ሁለተኛው መውጫ በቀጥታ ወደ ጋዝ ቴርሞሜትር መመለስ ነው። የካሎሪሜትር ሰዎች ይህን ማመን አይወዱም፤ ግን ሙሉውን ፍርድ ብቻቸውን መስጠት አይችሉም።

በመሀል አንድ ብልሃት አለ፣ ስለሚያምር ላንሳው። ሱፐርኮንዳክተር የሆነን ብረት፣ እንደ አሉሚኒየም ያለውን፣ ሁለት ጊዜ መለካት ይቻላል። አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ በማግኔት ሱፐርኮንዳክተርነቱን አጥፍቶ። ሁለቱም መንገዶች ከፍጹም ዜሮ ተነስተው አሉሚኒየም በሚሸጋገርበት በ1.18 ኬልቪን አካባቢ ሲገናኙ ኢንትሮፒያቸው እኩል መሆን አለበት። ኢንትሮፒ ደግሞ እያንዳንዷን የሙቀት ጠብታ በገባችበት መጠነ ሙቀት አካፍሎ መደመር ነው። ስኬሉ በመሀል ከተጣመመ ሁለቱ ድምሮች አይገጥሙም። ጉብታ ሳያስፈልግ ቅርጹ በሙሉ ይፈተሻል። ችግሩ ማግኔቱ ቴርሞሜትሩንም መንካቱ ነው። ነገር ሁሉ ዋጋ አለው።

630.74

ስኬል ሲሰበር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ የ1968ቱን ስኬል ይመልከት። ያ ስኬል እስከ 630.74 ዲግሪ ሴልሺየስ በፕላቲነም ሽቦ ይሄዳል። ከዚያ በላይ እስከ ወርቅ መቅለጫ ድረስ በቴርሞከፕል፣ ማለትም መጠነ ሙቀትን ከሁለት የተጋጠሙ ሽቦዎች ቮልቴጅ በሚያነብ መሣሪያ፣ ይቀጥላል። ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች፣ ሁለት የተለያዩ ቀመሮች፣ አንድ መጋጠሚያ። ቁጥሩ መጋጠሚያው ላይ አንድ ነው። የዲግሪው ስፋት ግን ወደ 0.2 በመቶ በሚጠጋ ይዘላል።

መጠነ ሙቀት ብቻ ለሚያነብ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለምድጃ፣ ለፋብሪካ ማን ግድ ይለዋል? የሙቀት አቅም ለሚለካ ግን 630.74 ላይ ደረጃ ይታያል። ሳፋየር ስለ 630.74 የሚያውቀው ነገር የለም። ቁጥሩን የመረጡት ሰዎች ናቸው። የ1990ው ስኬል ቴርሞከፕሉን ጨርሶ አስወጣው። የፕላቲነሙን ሽቦ እስከ ብር መጠጠሪያ፣ እስከ 961.78 ዲግሪ ድረስ ወሰደው። የወርቅ ነጥብም ከ1064.43 ወደ 1064.18 ወረደ። የውኃ መፍያም ሁላችንም በቃል የምናውቀውን 100 ለቆ 99.974 ሆነ። ለሕዝቡ ያልተነገረ ትንሽ አብዮት ነው ማለት ይቻላል። ከ0 እስከ ውኃ መፍያ ድረስ ያው ሙቀት በ0.026 በመቶ ያነሱ ዲግሪዎች ላይ ተከፋፈለ። ስለዚህ የውኃ የሙቀት አቅም በአማካይ በዚያው ልክ ጨመረ፤ ውኃው ግን ያው ውኃ ነው።

ከ13.81 ኬልቪን አካባቢ እስከ 27 ኬልቪን ያለው የ1968ቱ ታችኛ ጫፍም ጤነኛ አልነበረም። የ1976ቱ ጊዜያዊ ስኬል የመጣው እሱንና ያን የተሳሳተ የሂሊየም ስኬል አንድ ላይ ለመተካት ነው።

እውነተኛ ጉብታና የውሸት ጉብታ

እስካሁን ሁሉንም ጥፋት በስኬሉ ላይ ጫንኩ። ይህ አደጋ አለው። ተፈጥሮ ለስላሳ ናት ብሎ የሚጀምር ሰው እውነተኛ ግኝትን እንደ ስህተት ሊያጠፋት ይችላል። የቁስ ባሕርይ ሲቀየር፣ ለምሳሌ አዲስ የማግኔት ሥርዓት ሲይዝ፣ የሚታወቀው በሙቀት አቅም ላይ በሚወጣ ጉብታ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። አንድ ሰው የቴርሞሜትሩን መጋጠሚያ አይቶ አዲስ የቁስ ባሕርይ አገኘሁ ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

የሚለያቸው ቀላል የመርማሪ ሥራ ነው። ናሙናውን ቀይር። መዳብ ላይ የታየችው ጉብታ በወርቅና በብር ላይም እዚያው መጠነ ሙቀት ላይ ከታየች የናሙናው አይደለችም። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ቀይር። አብራ ከሄደች የዚያ ቴርሞሜትር የራሱ ማስተካከያ ናት። በሁሉም ቴርሞሜትር ላይ ከቀረች ስኬሉ ራሱ ይጠረጠራል። በተግባር አብዛኛው ጥፋት የሚገኘው በመሀለኛው ላይ ነው። ለቀዝቃዛ ሥራ የሚውሉት ከፊል አስተላላፊ ቴርሞሜትሮች ባሕርያቸው በአንድ ቀመር አይያዝም። ሰፊው ክልል ተከፋፍሎ በሁለት ወይም በሦስት ቀመር ይገለጻል። ቀመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ የ630.74 ታናሽ ወንድም ነው። መሣሪያውን ገዝቶ የሚጠቀም ሰው መጋጠሚያው የት እንዳለ ላያውቅ ይችላል። ማወቅ ግን ነበረበት።

ሌሎች ተጠርጣሪዎችም አሉ። ናሙናውን ከሳህኑ የሚያጣብቀው አፒዬዞን ኤን የሚባል ቅባት ከ200 እስከ 300 ኬልቪን ባለው ውስጥ የራሱ ጉብታ አለው። መዳቡ ውስጥ የገባ ጥቂት ብረት ወይም ማንጋኒዝም በቅዝቃዜው ላይ አቅሙን ከፍ ያደርጋል። አሰልቺ ያልነው መዳብ አሰልቺ የሚሆነው ሲነጻ ብቻ ነው።

ዛሬስ?

ከሜይ 20 ቀን 2019 ጀምሮ ኬልቪን በውኃ ነጥብ አይገለጽም። መጠነ ሙቀትን ከኢነርጂ ጋር የሚያገናኘው የቦልትዝማን ቁጥር በትክክል 1.380649 × 10⁻²³ ጁል በኬልቪን ነው ተብሎ ተወሰነ፤ ኬልቪን ከዚያ ይወጣል። ያ ማለት ግን የ1990ው ስኬል ተሻረ ማለት አይደለም። በየላቦራቶሪው ያለው የፕላቲነም ሽቦ አሁንም የሚናገረው በ1990ው ቋንቋ ነው። ልዩነቱ፣ አሁን ስኬሉ ከእውነተኛው መጠነ ሙቀት የት ቦታ ምን ያህል እንደራቀ በድምፅና በጋዝ ቴርሞሜትሮች በደንብ ተለክቷል። ከውኃ ነጥብ በታች ጥቂት ሚሊኬልቪን ወደ አንድ ጎን ነው። ከላይ ወደ ሌላው ጎን ነው፤ ጋሊየም የሚባለው ብረት በሚቀልጥበት ነጥብ ላይ 4 ሚሊኬልቪን ያህል ይደርሳል።

አብዛኛው ርቀት የተንጣለለ ኮረብታ ስለሆነ ካሎሪሜትር አያየውም። አንድ ቦታ ግን ዓይን ይስባል። እሱም ራሱ 273.16 ኬልቪን ነው። የ1990ው ስኬል ከዚህ ነጥብ በታች አንድ ቀመር፣ በላይ ሌላ ቀመር ይጠቀማል። በነጥቡ ላይ የዲግሪው ስፋት በትንሹ ይሰበራል። ስብራቷ በአማካይ ከ10 ሺህ 1 ክፍል አትሞላም፤ ከ630.74ቱ ጋር ስትተያይ ኢምንት ናት። ቦታዋ ግን መጥፎ ነው። ሰው ውኃን፣ ባዮሎጂያዊ ነገርን፣ መድኃኒትን የሚለካው በዚያው አካባቢ ነው።

ታዲያ አዲስ ስኬል ያስፈልጋል? እኔ ለአሁኑ የሚያቻኩል ነገር አይታየኝም። የስኬል ለውጥ ነፃ አይደለም። በ1990 ስኬሉ ሲለወጥ የተከማቹ ሠንጠረዦች በሙሉ መታረም ነበረባቸው። የኬሚስትሪ ሰዎች ይህን የሚሠሩበትን ዘዴ በ1992 አሳትመዋል። እርማቱ ደግሞ ቁጥር መቀነስና መደመር ብቻ አይደለም። መጠነ ሙቀቱ በልዩነቱ ይታረማል። የሙቀት አቅሙ ግን ልዩነቱ በሚለወጥበት ፍጥነት ነው የሚታረመው። ሁለት የተለያዩ ሠንጠረዦች ያስፈልጋሉ። አንዱን ብቻ የሠራ ሰው ግማሹን ነው የሠራው።

ያም ሆኖ የቆየ የሙቀት አቅም ሠንጠረዥ የሚከፍት ሰው ከቁጥሮቹ በፊት ራስጌውን ይፈልግ። የትኛው ስኬል እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ተጽፏል። ካልተጻፈ የኅትመቱ ዓመት ፍንጭ ይሰጣል፤ ግን ማሳሳቱም አይቀርም። በ1991 የታተመ ሥራ በ1988 የተለካ ሊሆን ይችላል። የሠንጠረዡ ነጥቦች 630 ዲግሪ አካባቢ 0.2 በመቶ ከዘለሉ ደግሞ ራስጌ መፈለግም አያስፈልግም።